«የጌታ ያለህ!» ማለት ስሙን በከንቱ መጥራት ነው?

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ግራ አጋብቶኛልና እባካችሁ አግዙኝ።

ስልክ ከእጄ ሲያመልጠኝ «የጌታ ያለህ!» እላለሁ። ጓደኛዬ ወሬ ስታካብድብኝ ደግሞ «ኧረ በእግዚአብሔር!»። ባለቤቴ ይህን በሰማ ቁጥር ፊቱ ይለዋወጣል። ዘጸአት 20፥7ን ይጠቅስብኛል፤ የአምላክህን ስም በከንቱ አትጥራ የሚለውን።

እኔ ትእዛዙ በዋናነት የሚመለከተው የሐሰት መሐላን ነው ባይ ነኝ። ዘሌዋውያን 19፥12ም በስሙ በሐሰት አትማሉ ይላል። እሱ ግን ወዲያው ማቴዎስ 12፥36ን ያመጣል፤ ሰው ለሚናገረው ከንቱ ነገር ሁሉ በፍርድ ቀን መልስ ይሰጣል ይለኛል። እዚህ ጋ መልስ አጣለሁ። (ክርክር ላይ ጎበዝ ነው፣ ምን ላድርግ!)

ይበልጥ የሚያምታታኝ ይሄ ነው። ጴጥሮስ መስጠም ሲጀምር «ጌታ ሆይ፥ አድነኝ» ብሎ ጮኋል። ያ ጸሎት ነው፣ ማንም አይከራከርም። መኪና ሊገጨኝ ሲል የምጮኸውም ጸሎት ይመስለኛል። ለወደቀ ስልክ ያው ቃል ሲወጣስ? ልቤ እኮ እግዚአብሔር ጋ የለም። አፌ ነው የለመደው። መናቅ ግን ፈጽሞ አላሰብኩም።

አይሁድ ስሙን ከማክበር የተነሳ ጮክ ብለው እንኳ አያነቡትም፤ ይሄን ሳስብ የባለቤቴ ነገር ትንሽ ይገባኛል።

እስቲ ካህናትም ሆናችሁ ፓስተሮች፣ ወይም ነገሩን ያጠናችሁ ንገሩኝ፦ ሳይታሰብ ከአፍ የሚወጣ ቃል ኃጢአት ይሆናል? ከሆነስ፣ ይሄን የለመደ አፍ እንዴት ነው የማስተወው?