የመረብ፣ የገመድና የክር የድሮ ስሞች፦ የምታውቁ እርዱኝ

ጥያቄ፦ መምህርቷ

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ አስተማሪ ነኝ። የትምህርት ቤታችን የባህል ክበብ የድሮ ዕቃዎች ዐውደ ርዕይ እያዘጋጀ ነው። አባቴ ያደገው ጎርጎራ፣ ጣና ዳር ነው። ሣጥኑን ስከፍት የተቀደደ የዓሣ መረብ፣ የክር ጥቅል፣ ጠፍጣፋ የቆዳ ማሰሪያ፣ የዛፍ ልጣጭ የሚመስል ነገርና ሸካራ ገመድ አገኘሁ። ተማሪዎቹ ሁሉም ላይ «ገመድ» ብለው ጻፉባቸው። እያንዳንዱ የራሱ ስም እንዳለው አውቃለሁ። አባቴ አርፏል፣ ልጠይቀው አልችልም። ሽማግሌዎች የሚሉትን ቃል ንገሩኝ፣ እባካችሁ።

መልስ፦ የገበሬ ልጅ፣ ከጎጃም

እህቴ፣ አባትሽን ነፍስ ይማር። መጀመሪያ ከምን እንደተሠራ ለዪ፣ ስሙ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ይገኛል። የዛፉ ልጣጭ ልጥ ነው። ከግንዱ ተልጦ እርጥብ እያለ ይታሰርበታል። ጠፍጣፋው ቆዳ ጠፍር ይባላል፤ የጠፍር አልጋ የሚሠራው በእሱ ነው። ቆዳው ረዥም ሆኖ ለጭነት ማሰሪያ የተሠራ ከሆነ ግን መጫኛ ነው። ሞፈርና ቀንበርን የሚያያይዘው ደግሞ ምራን ነው፣ ከእነዚህ ጋር እንዳይምታታብሽ። የሸካራው ገመድ ጫፍ ሲጎተት የሚጠብቅ ቀለበት ካለው፣ ቀለበቱ ሸምቀቆ ይባላል።

ሥራውም ስም አለው። ጥጥ በእንዝርት ይፈተላል። ቃጫ ይገመዳል። ሦስት ዘለላ ተይዞ እንደ ፀጉር ሲሠራ ይጎነጎናል። ክር አብዝቶ ሲጠመዘዝ ይከራል። መለያው ላይ ከስሙ ጎን ይህንንም ጻፉበት። ልጆቹ ራሳቸው ትንሽ ቃጫ ጭናቸው ላይ ቢገምዱ ደግሞ ቃሉ አይጠፋባቸውም።

መልስ፦ የሐዋሳው

ስለ ቃጫ አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ጋ ቃጫ የሚገኘው ከእንሰት ነው። ለቆጮ ሲፋቅ የሚቀረው ጭረት ታጥቦ ይደርቅና ገመድ ይሆናል፤ በጣም ጠንካራ ነው። ሌላ ቦታ ቃጫ ሲሉ ቅጠሉ እንደ እሬት የሆነውን ተክል፣ ሲሳል የሚባለውን ማለታቸው ነው። ስለዚህ መለያው ላይ «ቃጫ» ብቻ አትበዪ፣ ተክሉንም ጥቀሺ። የክር ጥቅሉ የፋብሪካ ከሆነ ሲባጎ ነው። ቃሉ ከጣሊያንኛው «ስፓጎ» የመጣ ነው፤ ዛሬ ግን ገበያ ላይ የራሳችን ሆኗል።

መምህርቷ

ወንድሞቼ እግዜር ይስጥልኝ! መረቡስ?

መልስ፦ ከባሕር ዳር

መረብ፣ ቀዳዳዎቹ ደግሞ ዓይን ናቸው። ዓይነ ጠባብና ዓይነ ሰፊ ብለሽ መለየት ትችያለሽ። የክሩን ጫፍ በክብሪት ሞክሪው። ቀልጦ ከተድቦለቦለ ናይሎን ነው፤ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ከሆነ ጥጥ ነው። ጣና ላይ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ በፕሮጀክት የገቡት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ከዚያ በፊት የዓሣ ሥራው በታንኳ ነበር። ታንኳው ከደንገል ይሠራል፤ ልጡም ታንኳ ሲታሰርበት የነበረ ሊሆን ይችላል።

የዓይኑን ስፋት በሴንቲሜትር ለክታችሁ ጻፉት፣ አደራ። ነጭ ዓሣ በክረምት እንቁላሉን ሊጥል ወደ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ወንዞች ይወጣል። ያኔ የወንዙ አፍ ላይ መረብ ሲዘረጋ ዘሩ ይጠፋል። ዓይነ ጠባቡ ደግሞ ጫጩቱን ሳይቀር ይጠርጋል። ልጆቹ ይህን ሳያውቁ መረቡን አይተው ባይሄዱ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ የግዕዝ ተማሪ

ባሕር ዳር «ዓሣ አስጋሪ» ሲባል ትሰሚያለሽ። የግዕዙ ሥር ሠገረ ነው፤ ወንጌሉም እነ ጴጥሮስን «መሠግራነ ዓሣ» ይላቸዋል። መሥገርት ወጥመድም መረብም ነው። ማቴዎስ 13፥47 ላይ ያለው ከየዓይነቱ የሚሰበስበው ትልቁ መረብ ደግሞ ገሪፍ ይባላል። እነዚህን ግን «የግዕዝ» ብለሽ ለብቻ አስቀምጫቸው፤ ከአባትሽ አነጋገር ጋር አትቀላቅያቸው።

መልስ፦ ከባሕር ዳር

እውነቱን ነው። የሐይቁን ቃል ከፈለግሽ ነገደ ወይጦዎችን ጠይቂ። ዓሣና ታንኳ የኖሩበት ሙያቸው ነው። የጥንት ቋንቋቸው ቢጠፋም አማርኛቸው ውስጥ ለየት ያሉ ቃላት ቀርተዋል። ፈረንሳዊው የቋንቋ ሊቅ ማርሴል ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1939 ባሳተመው ጥናት የተወሰኑትን መዝግቧል፤ ለምሳሌ የዓሣ ቅርፊት «ሽልክሪት» ተብሎ ተጽፏል። ስትሄጂ «ወይጦ» ብቻ ብለሽ አትጥሪያቸው፣ ብዙዎቹ ይከፋቸዋል። «ነገደ ወይጦ» በዪ።

ፎቶ ይዘሽ አትሂጂ። መረቡንና ገመዱን ራሱን ይዘሽ ሂጂና ለአዛውንቶቹ አቀብያቸው። እየዳሰሱ ሲያወሩ ሳትጠይቂያቸው የሚያነሱት ቃል ብዙ ነው። ፈቃድ ጠይቀሽ በስልክሽ ቅጂ። ስሙን ስትጽፊ የነገረሽን ሰው ቀበሌና ቀኑንም አብረሽ ጻፊ።