የ14 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ፤ «የድመት በሽታ ተገኝቶብሻል» ተባልኩ

የሆጤዋ (ደሴ)
ሰላም ለሁላችሁ። የ14 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። አምና በሦስተኛው ወር ጽንስ ወርዶብኝ ስለነበር ዘንድሮ ፍርሃት ያዘኝና ከጤና ጣቢያው ክትትል ሌላ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ቶክሶፕላዝማ የሚባል የደም ምርመራ ታዘዘልኝ። በትንሽ ካርድ ላይ ደም ጠብ አድርገው ከቆዩ በኋላ «አይጂጂ ፖዘቲቭ፣ አይጂኤም ፖዘቲቭ» የሚል ወረቀት ሰጡኝ። ሐኪሙ «የድመት በሽታ ነው፤ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል» ብሎ መድኃኒት ጻፈልኝ። ሌላ የነገረኝ የለም፤ ከኋላዬ ሰልፍ ነበር።

ቤት ስደርስ አማቴ ነገሩን ሰሙና «ያምናውንም ያስወረደችሽ እርሷ ናት» ብለው ሦስት ዓመት አብራኝ የኖረችውን ድመቴን በጆንያ አድርገው ለሰኞ ገበያ ነጋዴ ሰጧት። መድኃኒቱን አልጀመርኩም። ትኩሳትም ሕመምም የለኝም። ልጄ ተጎድቷል ማለት ነው?

ጡረተኛው (ደሴ፣ አራዳ)
ልጄ፣ አብሽሪ። እናቴ ስምንት ልጅ ስትወልድ ቤታችን ከሁለት ድመት አንሶ አያውቅም፤ አንዳችንም አልታመምን። ጤና አዳም ጨምቀሽ ጠዋት ጠዋት ጠጪበት፤ ሆድሽን ያጸዳልሻል።

የላቦራቶሪ ባለሙያ (ኮምቦልቻ)
እህቴ፣ ወረቀቱ የፍርድ ውሳኔ አይደለም። አይጂጂና አይጂኤም ሰውነትሽ ቶክሶፕላዝማ የተባለውን ተሕዋስ ለመከላከል የሚሠራቸው ፕሮቲኖች ናቸው፤ ሁለቱን ለይተሽ እዪ። አይጂጂ ሰውነትሽ ከተሕዋሱ ጋር አንድ ቀን ተገናኝቶ እንደነበር ይናገራል፤ መቼ እንደሆነ አይናገርም። የልጅነት ጊዜሽም ሊሆን ይችላል። አይጂኤም አዲስ መሆኑን ይጠቁማል ይባላል፤ ነገር ግን በአንዳንድ ሰው ደም ውስጥ ከዓመት በላይ ይቆያል፣ አንዳንዴም ካርዱ በስህተት ያወጣዋል። እኔ ራሴ በየሳምንቱ የምሠራበት ካርድ ስለሆነ ነው የምነግርሽ፤ በእርሱ ብቻ ተማምኖ ነፍሰ ጡርን ማስደንገጥ ደግ አይደለም።

የሚለየው «የአይጂጂ አቪዲቲ» የሚባለው ምርመራ ነው። ሰውነት ከበሽታው ጋር በተዋወቀበት ሰሞን አይጂጂ ተሕዋሱን የሚይዘው ላላ አድርጎ ነው፤ ወራት ሲያልፉ አያያዙ ይጠብቃል። በ14ኛ ሳምንት ላይ ጠንካራ ሆኖ ከተገኘ፣ በሽታው የያዘሽ ከማርገዝሽ በፊት ነው። ላላ ያለ ከሆነ ግን አዲስ ነው ለማለት አያስደፍርም፤ ላልቶ የሚቆይባቸው ሰዎች አሉ። እዚህ ካልተሠራልሽ ናሙናውን ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ላቦራቶሪ ጠይቂ። አሁኑኑ አሠሪው፤ እርግዝናው በገፋ ቁጥር ውጤቱ የሚነግርሽ ነገር ይቀንሳል።

አዋላጅ ነርስ (ደሴ)
አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጤና አዳም ጨምቆ መጠጣት ለነፍሰ ጡር አይሆንም፤ ማሕፀን ያነሣሣል። ቡና ላይ ጣል ስለምትደረገው ቅጠል አይደለም የምናገረው።

የሆጤዋ፣ ከማርገዟ በፊት የተያዘች ጤነኛ እናት ለጽንሷ አታስተላልፍም ማለት ይቻላል። በሽታ የመቋቋም አቅማቸው የደከመ እናቶች፣ ለምሳሌ ኤችአይቪ ያለባቸውና ሕክምና ያልጀመሩ፣ ከዚህ ይለያሉ። የሚያሠጋው በእርግዝና ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ መያዝ ነው። እርሱም ቢሆን ሁሌ አይተላለፍም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚተላለፈው ከአሥር አንድ ያህሉ ነው፤ በመጨረሻዎቹ ወራት ከግማሽ ይበልጣል። ጉዳቱ ግን በተቃራኒው ነው፤ ቀደም ብሎ ከተላለፈ አንጎልን ይጎዳል፣ ውሃ በጭንቅላት ውስጥ እንዲጠራቀም ያደርጋል፤ ዘግይቶ ከተላለፈ ልጁ አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ መስሎ ይወለዳል።

ስለ ድመቷ ደግሞ ልናገርላት። ድመት የበሽታውን ዘር በዓይነ ምድሯ የምታወጣው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ በተያዘችበት ሰሞን፣ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። የወጣውም ቢያንስ አንድ ቀን አድሮ ካልበሰለ አይዝም። ስለዚህ ቆሻሻዋን በየቀኑ ሌላ ሰው ከጠረገው ድመት ማባረር አያስፈልግም ነበር። እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው፤ ቁርጥ ትበያለሽ? ክትፎ ለብ ለብ? ዱለት? ሥጋ የተከተፈበት መክተፊያ ላይ ሰላጣ ይከተፋል?

የሆጤዋ
ቁርጥ ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው ነው። መክተፊያችን አንድ ነው፤ አማቴ ከጋብቻቸው ቀን ጀምሮ የሚጠቀሙበት፣ መሐሉ ጎድጉዶ እንደ ሳህን የሆነ የወይራ እንጨት። አሁን ሳስበው ቲማቲሙም በእርሱ ላይ ነው የሚከተፈው።

የሁለት ልጆች እናት (ኮምቦልቻ)
እኔ ነገሩን ቀለል አድርጋችሁ እንዳታልፉት ብዬ ነው የምጽፈው። ሁለተኛ ልጄን በሰባት ወር እርጉዝ ሳለሁ አንገቴ ሥር ዕጢ አብጦ፣ ሰውነቴ ዝሎ ሳምንት ቆየ። ጉንፋን ነው ብዬ ተውኩት። ልጁ ሲወለድ ምንም አልነበረበትም። አራት ዓመት ሲሞላው ቴሌቪዥን የሚያየው ጭንቅላቱን ወደ ግራ አዙሮ መሆኑን አየሁ፤ «ቀና በል» እያልኩ እቆጣው ነበር፣ አላህ ይማረኝ። የዓይን ሐኪም ሲያየው በግራ ዓይኑ ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን) ላይ ያረጀ ጠባሳ አገኘ። አሁን ትምህርት ቤት ከፊት ይቀመጣል፣ በየጊዜው ይታያል፤ ጠባሳው እንደገና ሊቀሰቀስ ስለሚችል። የሆጤዋ፣ ውጤትሽ አዲስ መያዝ መሆኑን ካሳየ ልጅሽ ሲወለድ ዓይኑ እንዲታይ አጥብቀሽ ጠይቂ።

የመድኃኒት ባለሙያ (ደሴ)
የታዘዘልሽ መድኃኒት ስሙ ማን ነው? ብዙ የሚወሰነው በእርሱ ነው።

የሆጤዋ
ስፓይራማይሲን ይላል። በቀን ሦስት ጊዜ።

የመድኃኒት ባለሙያ (ደሴ)
ጥሩ ነው። ስፓይራማይሲን በእንግዴ ልጅ ውስጥ ተከማችቶ ተሕዋሱ ወደ ጽንሱ እንዳያልፍ ለመከላከል የሚሰጥ ነው፤ ከ18ኛ ሳምንት በፊት የሚመረጠውም እርሱ ነው። ጽንሱ ራሱ መያዙ ከታወቀ ወደ ፒሪሜታሚንና ሰልፋዲያዚን ከፎሊኒክ አሲድ ጋር ይቀየራል። ይህን ግን በእርግዝና መጀመሪያ ላይ አይወስዱትም፤ ፒሪሜታሚን ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። ፎሊኒክ አሲድና በክትትል የሚሰጥሽ ፎሊክ አሲድ አንድ አይደሉም፤ ስማቸው ስለሚመሳሰል ሰው ያምታታቸዋል።

ከላቦራቶሪው ወንድሜ በአንድ ነገር ብቻ እለያለሁ። ውጤት እስኪመጣ ብለሽ መድኃኒቱን ያለ ሐኪም ምክር አታቆዪው። ነገ ሄደሽ «አቪዲቲ ልኬ እየጠበቅሁ ልጀምር ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ብዙ ሐኪሞች ጀምሪ ይሉሻል፤ አዲስ ካልሆነ ይቆማል። ቀን ማባከን ግን አይመለስም።

የላቦራቶሪ ባለሙያ (ኮምቦልቻ)
ትክክል ነው፤ እኔ መድኃኒቱን አቆዪ አላልኩም፣ ግን ግልጽ አላደረግሁትም። አንድ ነገር ልጨምር፤ አዲስ መሆኑ ከተረጋገጠ የእንሽርት ውሃ በመርፌ ተወስዶ የተሕዋሱን ዘረመል በሚፈልግ ፒሲአር በሚባል ምርመራ ይታያል። ይህ ከ18ኛ ሳምንት በኋላ ነው፤ ስለዚህ ማንም ዛሬ መርፌ ላስገባ ቢልሽ እሺ አትበዪ።

የሆጤዋ
ከ16 ቀን በኋላ ተመልሻለሁ። ሐኪም ዘንድ ሄጄ መድኃኒቱን ጀመርኩ፣ ናሙናውም ወደ አዲስ አበባ ተላከ። ትናንት ውጤቱ መጣ፤ አቪዲቲው ከፍተኛ ነው። ደሙ የተወሰደው በ14ኛ ሳምንት ስለሆነ ከማርገዜ በፊት የያዘኝ ነው ብለው መድኃኒቱን አስቆሙኝ። አልትራሳውንዱም ደህና ነው። ያምናው ጽንስ በዚህ የተነሣ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁ፤ ድሮ የያዘኝ ከሆነ ሊሆን አይችልም፣ በሦስተኛው ወር የሚወርድ ጽንስ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ሌላ ነው አሉኝ።

አማቴ ስለ ድመቷ እስካሁን አንድ ቃል አልተነፈሱም። ቅዳሜ ግን ከገበያ ሁለት አዲስ መክተፊያ ገዝተው መጡ፤ በአንደኛው ጠርዝ ላይ ቀይ ክር አስረውበታል።

አዲስ ሙሽራ (ሐይቅ)
የሰው ጥያቄ ውስጥ ገባሁ፣ ይቅርታ። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ የእኔ አይጂጂም አይጂኤምም ኔጋቲቭ ነው። እንግዲህ እኔ ቁርጥ ልበላ እችላለሁ?

አዋላጅ ነርስ (ደሴ)
እንዲያውም መጠንቀቅ ያለብሽ አንቺ ነሽ! ኔጋቲቭ ማለት ከተሕዋሱ ጋር ገና አልተገናኘሽም፣ መከላከያም የለሽም ማለት ነው። እስክትወልጂ ድረስ ሥጋ ውስጡ ቅላቱ እስኪጠፋ ይብሰል፤ ሰላጣና ጎመን በወራጅ ውሃ ይታጠብ፤ ጓሮ ስትኮተኩቺ ጓንት አድርጊ። ሥጋ ለብዙ ቀን ጠንክሮ በረዶ ከሆነ ተሕዋሱ ይሞታል፤ ግን መብራት በሚጠፋበት ሳምንት በፍሪጅ አትተማመኚ። ጥሬውን ባለቤትሽ ይብላ፣ ቢላዋውን ግን ራሱ ይጠብ።