የኪስ ባትሪ የጋራ ግዢ፦ ለኮሚቴው የሚቀርበውን ረቂቅ አብረን እናስተካክል

የማኅበሩ ጸሐፊ
ሰላም ለሁላችሁም። ባለፈው ስብሰባ እንደተስማማነው የእጅ ባትሪ ግዢውን እዚህ እንጨርሰው። ኮሚቴው የሚፈልገው አንድ ገጽ ብቻ ነው። ምን እንገዛለን፣ ለምን፣ ማን ምን ያህል ያዋጣል። እስካሁን ሁላችንም በየፊናችን ርካሹን እየገዛን፣ ብዙም ሳይቆይ እየጣልን ነው የቆየነው። የስልክ መብራት ይበቃል የሚሉ አባላት አሉ፤ እኔ አይበቃም ባይ ነኝ። መሰላል ላይ ቆሞ በአንድ እጅ ፒንሳ በሌላው ካቻቢቴ የያዘ ሰው ስልኩን የት ያደርገዋል? መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ የስልኩ ቻርጅ ለጥሪ ይፈለጋል።
መነሻ ረቂቄ ይሄ ነው፦ ለእያንዳንዱ አባል ኪስ የሚገባ አንድ ባትሪ፣ ቢያንስ 1000 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ)፣ በዩኤስቢ ሲ ቻርጅ የሚደረግ፣ ውኃ የማያስገባ። ግማሹን ማኅበሩ፣ ግማሹን አባሉ በሦስት ወር ይክፈል። በሉ ቆራርጡት።

ከኤሌክትሪክ ክፍል
እጅህ ይባረክ፣ ጥሩ ጅምር ነው። 1000 ሉመን የሚለው ግን ይውጣ። ትንሽ ባትሪ 1000 ሉመን ይዞ መቆየት አይችልም። ይግላል፣ ከዚያ ራሱን ለማዳን በደቂቃዎች ውስጥ ወደ 300 ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ካርቶኑ ላይ ያለውን ትልቅ ቁጥር የምናየው ገና ሲበራ ብቻ ነው።
ማመሳከሪያ ከፈለግን ኤፍ ኤል 1 የሚባል በ2009 የወጣ የአሜሪካ መለኪያ አለ። ብርሃኑን መለካት የሚጀምረው ባትሪው ከበራ 30 ሰከንድ በኋላ ነው። የሚቆይበት ሰዓት የሚቆጠረው ደግሞ ብርሃኑ ከመጀመሪያው 10 በመቶ እስኪቀረው ድረስ ነው፣ ስለዚህ «50 ሰዓት» የሚል ካየን 50 ሰዓት ሙሉ ይደምቃል ማለት አይደለም፤ መጨረሻ ላይ ጭል ጭል እያለም ይቆጠርለታል። የመውደቅ ፈተናው ቢያንስ ከ1 ሜትር ከፍታ ኮንክሪት ላይ በመጣል ነው። እነዚህ ትንንሽ ምልክቶች ያሉበት ካርቶን ላይ ቢያንስ የምንጠይቀው ነገር አለን። «100,000 ሉመን» ተጽፎበት የሚሸጥ የኪስ ባትሪ ላይ ግን ጊዜ አናጥፋ፤ ያን ያህል ብርሃን ከኪስ ዕቃ አይወጣም።
አሁን ወደ ሥራው። የኤሌክትሪክ ፓኔል ውስጥ በክንድ ርቀት ከ20 እስከ 50 ሉመን በቂ ነው፤ ከዚያ ሲበዛ ከነጩ ሽፋን ላይ ተመልሶ ዓይን ያጭበረብራል። ለደረጃና ለምድር ቤት ከ100 እስከ 150 ይበቃል። ግቢ ለሚዞር ሰው 300 እና ከዚያ በላይ ይሁን።
ለእኛ ከሉመኑ የሚበልጠው የቀለም ጉዳይ ነው። ርካሽ ባትሪ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ብርሃን ይሰጣል። በዚያ ብርሃን ቡናማና ቀይ ሽቦ መለየት ያስቸግራል፣ አቧራ የጠጣ ሰማያዊ ሽቦ ደግሞ ጥቁር ይመስላል። ሲአርአይ የሚባል ከ100 የሚሰጥ የቀለም መለኪያ አለ። ብዙዎቹ ርካሾች 70 አካባቢ ናቸው። እኛ 90 እና ከዚያ በላይ ይሁንልን፣ ብርሃኑም ከ4000 እስከ 5000 ኬልቪን (የነጩ ብርሃን የቀለም ልክ) ይሁን። በእርግጥ ቀለም አይተን ሽቦ አንነካም፣ ቴስተር ይቀድማል።
አንድ ነገር በረቂቁ ውስጥ በግልጽ ይጻፍልኝ። የአልሙኒየም ባትሪ በጥርስ ነክሶ ክፍት ፓኔል ፊት መቆም ይከልከል። ባስባር (ፓኔሉ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ያልተሸፈነ ብረት) ላይ ከወደቀ ብረት ነው፣ በሁለት ፌዝ (ኤሌክትሪክ ባለባቸው መስመሮች) መካከል ያለው ደግሞ 380 ቮልት ነው። ለእኛ ክፍል አካሉ ፕላስቲክ የሆነ፣ ወይም ግንባር ላይ የሚታሰር ፕላስቲክ ይገዛ። ይሄን አልለቅም።

ከሊፍት ቡድን
የኤሌክትሪኩ ወንድሜ ያለውን እደግፋለሁ። ከእኛ በኩል ሦስት ነገር አለ። ማሰሪያ ግዴታ ይሁን፤ ከላይኛው ፎቅ ሻፍት ውስጥ የወደቀ ባትሪ ከታች የሚሠራውን ሰው ራስ ይፈነክታል። ሁለተኛ፣ መቀመጫው ላይ ማግኔት ቢኖረው ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፣ የሊፍቱ ብረት ላይ ለጥፎ ሁለት እጅ ነፃ ማድረግ ይቻላል። (ማግኔት ያለውን ከባንክ ካርድ ጋር አንድ ኪስ ውስጥ አታስቀምጡ።)
ሦስተኛው ብዙ ሰው አያውቀውም። አንዳንድ ባትሪ ብርሃኑን የሚቀንሰው በጣም በፍጥነት እየበራ እየጠፋ ነው። ዓይን አይለየውም። የሚሽከረከር ፑሊ ወይም ፋን ላይ ሲበራ ግን ዕቃው የቆመ ወይም ቀስ ያለ ሊመስል ይችላል፣ ያ ደግሞ ጣት ያስቆርጣል። መፈተኛው ቀላል ነው። በዝቅተኛው ብርሃን አብርታችሁ እጃችሁን ከፊቱ ቶሎ ቶሎ አወዛውዙ። ጣቶቻችሁ ተቆራርጠው ከታዩ ያ ባትሪ ለሞተር ክፍል አይሆንም።

ከማታ ጥበቃ
ልጆቼ፣ የሽቦ ቀለም የእኔ ጉዳይ አይደለም። እኔ የምፈልገው አጥሩ ጥግ የቆመው ሰው ይሁን ውሻ ከሩቅ መለየት ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ዝናብ እየመታው ነው የምንዞረው። ያችን 50 ሉመን ለኔ አታምጡብኝ።

ከኤሌክትሪክ ክፍል
ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። ለርቀት የሚታየው ሌላ ቁጥር ነው፣ ካንዴላ ይባላል፣ የጨረሩ ጥንካሬ ነው። የካንዴላውን ስኩዌር ሩት በ2 ቢያባዙት ሜትሩ ይመጣል። 2500 ካንዴላ 100 ሜትር ነው፣ 10,000 ካንዴላ 200 ሜትር። ግን ጫፉ ላይ የሚደርሰው ብርሃን የሙሉ ጨረቃ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ሰው ለመለየት ካርቶኑ ላይ ካለው ሜትር ግማሹን ያስቡ። ለእርስዎ 10,000 የሚደርስ እንፈልግ። ለዝናቡ ደግሞ አይፒኤክስ የሚባል የውኃ መከላከያ ደረጃ አለ፤ አይፒኤክስ 4 ርጭት ይችላል፣ አይፒኤክስ 7 ግን 1 ሜትር ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ተቀምጦም አያስገባም። ሁለተኛው ይሁንልዎ።

ከንብረት ክፍል
ዕቃ ግምጃ ቤት ስለምሠራ ተበላሽተው የሚመለሱትን የማየው እኔ ነኝ። አብዛኞቹ አምፖላቸው ደህና ነው፣ የሚገድላቸው ድንጋዩ ነው። ተረስቶ የቆየ አልካላይን (ቻርጅ የማይደረገው ተራ ድንጋይ) ፈስሶ ሞላውን በልቶታል፣ ወይም ውስጡ የተበየደው ድንጋይ አርጅቶ መቀየር ስላልተቻለ ሙሉው ዕቃ ይጣላል። ስለዚህ እኔ ሻጩን የምጠይቀው ድንጋዩ ይወጣል ወይ? ከየትኛውም ሱቅ ይገኛል ወይ? ብዬ ነው። «በዩኤስቢ ሲ ቻርጅ የሚደረግ» የሚለው ብቻውን አይበቃም፤ ድንጋዩ የማይወጣ ከሆነ በረቂቁ አይካተት።
ያሉን ምርጫዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ሁለት ኤ የሚባለው፣ የሪሞት ድንጋይ። ሁለተኛው 18650፣ 18 ሚሊ ሜትር ስፋትና 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ሊቲየም። ጉልበታቸው አይገናኝም። ቻርጅ የሚደረግ ሁለት ኤ በ1.2 ቮልት 2000 ሚሊ አምፒር አወር ይይዛል፣ 2.4 ዋት አወር ማለት ነው። ጥሩ 18650 በ3.6 ቮልት 3000 ይይዛል፣ ወደ 10.8። ከአራት እጥፍ በላይ ነው። በ100 ሉመን ብናስበው አንዱ ሁለት ሰዓት አካባቢ፣ ሌላው ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰዓት ይሄዳል።
ታዲያ ለምን ለሁሉም 18650 አንገዛም? ምክንያቱም ገበያው በውሸት ተሞልቷል። «9800» የተጻፈባቸው አሉ፤ የታወቁት አምራቾች በዚያ መጠን የሚሠሩት አብዛኛው ከ3600 አያልፍም። አንዳንዱ ውስጡ አሮጌ ድንጋይ ነው፣ አንዳንዱ ከፊሉ ባዶ ነው። ትክክለኛው ከ45 ግራም አያንስም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ የወርቅ ቤት ሚዛን ላይ ብናስቀምጠው ቀላሉ ራሱን ያጋልጣል። ከዚህ ሁሉ በላይ መጥፎ ሊቲየም ሊቀጣጠል ይችላል። ኪስ ውስጥ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ተራቁቶ ከተቀመጠም ሊቀጣጠል ይችላል።
ስለዚህ የእኔ ሐሳብ፦ ለብዙው አባል ሁለት ኤ። ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ቻርጅ የሚደረግ ድንጋይ፣ አንዱ ባትሪው ውስጥ፣ አንዱ ቻርጀር ላይ። እንደ ኢነሎፕ ያሉት የታወቁ ድንጋዮች ቻርጃቸው በመቀመጥ ቶሎ አያልቅም፣ እንደ አልካላይንም በየጊዜው ፈስሰው ዕቃ አያበላሹም። መብራት ጠፍቶ ቻርጅ ካልተቻለ ደግሞ ከሰፈር ሱቅ ተገዝቶ ሥራው ይቀጥላል፤ ሱቅ የተገዛው አልካላይን ግን ሥራው ሲያልቅ ይውጣ።

ከቧንቧ ቡድን
እህቴ፣ 14500 የሚባለው ሊቲየምስ? መጠኑ ከሁለት ኤ ጋር አንድ ነው፣ ብርሃኑ ግን ይበልጣል። እኔ እሱን እመርጥ ነበር።

ከንብረት ክፍል
መጠኑ አንድ ነው፣ ጉልበቱ ግን አንድ አይደለም ወንድሜ። ሙሉ ሲሆን 4.2 ቮልት ነው። ሁለቱንም እቀበላለሁ ብሎ የተሠራ ባትሪ ካልሆነ ለ1.5 ቮልት የተሠራውን ሊያቃጥለው ይችላል። ግምጃ ቤት ውስጥ ተመሳስለው ከተቀመጡ አንድ ቀን መቀላቀላቸው አይቀርም። እኔ አላስገባም።

ከቧንቧ ቡድን
እሺ፣ አሳመንሽኝ። የእኛን ግን አትርሱ። ወደ ፍሳሽ ጉድጓድ የምንወርድ ሰዎች ነን። እዚያ ሚቴን የሚባል የሚቀጣጠል ጋዝ ሊኖር ይችላል፣ ተራ ባትሪ ደግሞ ማብሪያው ላይ ብልጭታ ሊፈጥር ይችላል። ፈንጂ ጋዝ ላለበት ቦታ የተሠራ፣ ኤቴክስ ወይም ተመሳሳይ ማረጋገጫ ያለው ባትሪ አለ፣ ውድ ነው። ለሁሉም አይጠየቅም፤ ለቡድናችን ሁለት ይበቃል፣ በፊርማ እንወስዳለን። እስኪገዛ ድረስም ጉድጓዱ ሳይናፈስና ከላይ ሰው ሳይቆም ማንም እንዳይወርድ ኮሚቴው በጽሑፍ ይወስን። ጋዙ ባይነድም ያፍናል፣ ይሄ ከባትሪ ግዢው በፊት የሚመጣ ነገር ነው።

ከቨርጂኒያ፣ የቀድሞ አባል
ሰላም ወንድሞቼና እህቶቼ። የ90 ሲአርአይ ባትሪ እዚያ ካጣችሁ ሰው ሲመጣ መላክ ይቻላል። መንገደኛውን ግን አስቀድማችሁ ንገሩት። ትርፍ የሊቲየም ድንጋይ ወደ ጭነት በሚገባ ሻንጣ አይፈቀድም፣ በእጅ ሻንጣ ነው የሚያዘው፣ ጫፎቹም በናስትሮ ተሸፍነው ወይም በየራሳቸው መያዣ ገብተው። ሁለት ኤ ኒኬል (ቻርጅ የሚደረገው) ከሆነ ያን ያህል አያስቸግርም። በነገራችን ላይ በዩኤስቢ ሲ የሚሞሉ አንዳንድ ርካሽ ባትሪዎች በሁለቱም በኩል ሲ በሆነ ገመድ አይሞሉም፣ አንዱ ጫፉ አሮጌው ሰፊ ዩኤስቢ መሆን አለበት። ተበላሸ ብላችሁ እንዳትጥሏቸው።

ሒሳብ ያዥ
እኔ የምለው አጭር ነው። ሁለት ዓይነት ዋጋ ስለሚኖር መዋጮው አንድ ዓይነት ይሁን፣ ልዩነቱን ማኅበሩ ይሸፍን። ጥበቃና ኤሌክትሪክ ሥራቸው ስለጠየቀ ተጨማሪ መክፈል የለባቸውም። ሦስት ወር ደግሞ ያጠረ ነው፣ አምስት ይሁን።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የተስተካከለው ይኸው፦
«ማኅበሩ ለአባላቱ አንድ የሪሞት (ሁለት ኤ) ድንጋይ የሚወስድ፣ ከ100 ሉመን የማያንስና እስከ 20 ዝቅ የሚል፣ ማሰሪያና የኪስ መያዣ ያለው የእጅ ባትሪ፣ ለእያንዳንዱም ሁለት ቻርጅ የሚደረግ ድንጋይ ይግዛ። የኤሌክትሪክ ክፍል የሚወስደው የፕላስቲክ አካል ያለውና ሲአርአይው ከ90 የማያንስ ይሁን። የሊፍት ቡድን ማግኔት ያለውን፣ ሲቀነስ የማይቆራረጥ ብርሃን ያለውን ይውሰድ። ለማታ ጥበቃ ድንጋዩ የሚወጣ 18650፣ ወደ 10,000 ካንዴላ የሚደርስ፣ አይፒኤክስ 7 ይገዛ፤ ድንጋዮቹ በጥበቃ ቤት ብቻ ይሞሉ። ለቧንቧ ቡድን ለፈንጂ ጋዝ የተረጋገጠ ሁለት ባትሪ በፊርማ ይያዝ። ያረጀ ድንጋይ ወደ ቆሻሻ ሳይጣል ለንብረት ክፍል ይመለስ። መዋጮው ለሁሉም እኩል፣ በአምስት ወር።»
በክፍት ፓኔል ፊት ባትሪ መንከስ የሚከለክለውና የጉድጓዱ ጉዳይ ለብቻው በሁለተኛ ወረቀት ይሄዳል፣ ከግዢው ጋር ተያይዞ እንዳይዘገይ።

ከማታ ጥበቃ
ተባረክ ልጄ። አንድ ብቻ ጨምር። የእኛ ባትሪ ማብሪያው በጓንት የሚጫን ይሁን፣ ደግሞ አንዴ ሲጫን ይብራ እንጂ ብልጭ ድርግም በሚለው አይጀምር።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ገብቷል ጋሼ። ጅምላ ከመግዛታችን በፊት ከየዓይነቱ አንድ አንድ ናሙና እንገዛለን። ከ1 ሜትር ኮንክሪት ላይ እንጥለዋለን፣ ውኃ ባልዲ ውስጥ እናቆየዋለን፣ አብርተን እስኪደክም ሰዓት እንይዛለን። ከሊፍት ቡድንና ከንብረት ክፍል አንድ አንድ ሰው ይሥራው።

ከንብረት ክፍል
ባልዲውና ሚዛኑ በእኔ። ናሙናዎቹ ከነደረሰኛቸው ይምጡ፣ ፈተናውን ያላለፈውን ሻጩ እንዲመልስልን ከመግዛታችን በፊት እንስማማ።