ዳኛ አቤላ ሕጉን ተረጎሙ ወይስ ፈጠሩ?

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁም። የዛሬው ክርክር ስለ ሮዛሊ አቤላ ነው። ለማታውቋቸው ባጭሩ ልንገራችሁ (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)። በ1946 ጀርመን ሽቱትጋርት፣ የተፈናቃዮች ካምፕ ውስጥ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከናዚ ጭፍጨፋ የተረፉ አይሁዶች ናቸው። እሳቸው ሳይወለዱ ታላቅ ወንድማቸው ገና በሕፃንነቱ ትሬብሊንካ በተባለው የናዚ የግድያ ካምፕ ተገድሏል። በ1950 ቤተሰቡ ካናዳ ገባ። ኦንታሪዮ ውስጥ በ29 ዓመታቸው፣ ነፍሰ ጡር ሆነው፣ የቤተሰብ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኑ። ከ2004 እስከ 2021 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ። ጥያቄው ይሄ ነው፦ በ2020 በኔቭሰን ጉዳይ የጻፉት ፍርድ ከዳኛ ሥልጣን አልፏል ወይ?

የሕግ ባለሙያው፦ አልፏል። ጉዳዩን ላስታውሳችሁ። ሦስት ኤርትራውያን ስደተኞች ኔቭሰን የተባለውን የካናዳ ማዕድን ኩባንያ ቫንኩቨር ላይ ከሰሱ። በብሔራዊ አገልግሎት ስም ኤርትራ ውስጥ ባለው የቢሻ ማዕድን ማውጫ ላይ በግዳጅ ሠራን፣ ተሠቃየን አሉ። ኩባንያው የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ አቀረበ፤ ክሱ ሳይሰማ ይዘጋልኝ አለ። አቤላ በ5 ለ4 አብላጫ ድምፅ መቃወሚያውን ውድቅ አደረጉ። ልማዳዊ ዓለም አቀፍ ሕግ (አገሮች ግዴታችን ነው ብለው በተግባር የሚከተሉት፣ በስምምነት ያልተጻፈም ቢሆን) የካናዳ ሕግ አካል ስለሆነ ኩባንያም በእሱ ሊጠየቅ ይችል ይሆናል አሉ። እኔ የምለው፣ ይህን ዓይነት አዲስ የክስ ምክንያት ፓርላማው መቼ አወጣው? በልዩነት የጻፉት ዳኞችም አንዱ ጥያቄያቸው ይሄው ነበር። ለሰዎቹ አዝናለሁ። ግን ዳኛ ባዘነ ቁጥር አዲስ በር ከከፈተ ነገ የሚፈርደው በሕግ መሆኑ ይቀራል።

የቶሮንቶዋ፦ ወንድሜ፣ የፈረዱት እኮ ኩባንያው ጥፋተኛ ነው ብለው አይደለም። ያሉት “ክሱ ተስፋ እንደሌለው ግልጽ አይደለም፣ ይሰማ” ነው። ቫንኩቨር ያለችበት የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር ሁለቱም ፍርድ ቤቶች ከዚያ በፊት ይሰማ ብለው ነበር። ታዲያ አቤላ ብቻቸውን ምን ፈጠሩ? ደግሞ አስቡት። ሰዎቹ አስመራ ሄደው መንግሥትን ይክሰሱ? ከማዕድኑ 40 በመቶው የኤርትራ መንግሥት ድርሻ ነበር። የት ይሂዱ? እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ካናዳ ውስጥ የተቋቋመ ኩባንያ ካናዳ ውስጥ ካልተከሰሰ የትም አይከሰስም።

የሕግ ባለሙያው፦ እህቴ፣ በድብደባና ከሕግ ውጭ በማሰር ይክሰሱ ነው የምለው። እነሱ ድሮም ያሉ የክስ ምክንያቶች ናቸው። በልዩነት ከቆሙት አራት ዳኞች ሁለቱ ያሉትም ይህንኑ ነው።

የቶሮንቶዋ፦ ባርነትን “ድብደባ” ብሎ መክሰስ ይበቃል? አብላጫው አይበቃም ያለው እኮ ለዚህ ነው። የበደሉ ዓይነትም መጠኑም ሌላ ነው።

የኤድመንተኑ፦ እኔ ሌላ ፍርዳቸውን ላንሳ። በ1987 ያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሥራ ማቆም አድማ ሕገ መንግሥታዊ መብት አይደለም ብሎ ነበር። በ2015 በሳስካችዋን ክፍለ ሀገር ጉዳይ አቤላ ለአብላጫው ጽፈው ገለበጡት። የቻርተሩ፣ ማለትም በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ያለው የመብቶች ሰነድ ቃል ግን አልተለወጠም። የተለወጡት ዳኞቹ ናቸው። እኔ ራሴ የሠራተኛ ማኅበር አባል ነኝ፣ ውጤቱን ወድጄዋለሁ። ሆኖም ዳኛ የሰጠኝን ነገ ሌላ ዳኛ ቢወስድብኝ ምን እላለሁ?

ነርሷ፦ ሁላችሁም ስለ ፍርዶቹ ብቻ አወራችሁ። አቤላ በ1980ዎቹ ስለ እኩል የሥራ ዕድል የንጉሣዊ ኮሚሽን፣ ማለትም መንግሥት ያቋቋመውን አጣሪ ኮሚሽን መርተዋል። በ1984 ባወጡት ሪፖርት ሁሉን ሰው አንድ ዓይነት ማስተናገድ ሁልጊዜ እኩልነት አይሆንም አሉ። በ1986 ፓርላማው የሥራ ዕድል እኩልነት ሕጉን አወጣ። ሴቶች፣ ነባር ሕዝቦች፣ አካል ጉዳተኞችና እንደኛ ያሉ ነጭ ያልሆኑ ሰዎች በሕጉ ተካተቱ። ሕጉ የሚመለከተው በፌዴራል መንግሥት ቁጥጥር ሥር ያሉ መሥሪያ ቤቶችን ነው፤ ባንኩን፣ አየር መንገዱን፣ ስልኩን። እዚያ የሚሠራ ሐበሻ ስንት ነው! ስማቸውን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

አባታቸውንም አትርሱ። ፖላንድ ውስጥ ሕግ የተማሩ ሰው ነበሩ። ካናዳ ሲገቡ ዜግነት ስለሌለህ ጥብቅና አይፈቀድልህም ተባሉ። ልጅ ማሳደግ ነበረባቸውና ኢንሹራንስ ሸጡ። ሕፃኗ ሮዛሊ ጠበቃ እሆናለሁ ያለችው ያኔ ነው። ልጅቷ የሕግ ትምህርቷን ከመጨረሷ አንድ ወር ሲቀራት አባት ሞቱ። ዲግሪ ይዞ ታክሲ የሚነዳ ዘመድ ያለው ሁሉ ይህ ታሪክ ይገባዋል።

የሕግ ባለሙያው፦ ሕይወታቸውን አከብራለሁ፣ ስለ እሱ ክርክር የለኝም። እንዲያውም ነርሷ ያነሳችው ምሳሌ የኔን ሐሳብ ነው የሚደግፈው። ያኔ ሪፖርት ጻፉ፣ ሕጉን ግን ያወጣው ፓርላማው ነው። መንገዱ እንዲህ መሆን ነበረበት።

የቶሮንቶዋ፦ ፓርላማው ዝም ሲልስ?

የሕግ ባለሙያው፦ ይመረጥ፣ ይጠየቅ፣ ይገፋ። ኔቭሰን በ2020 መጨረሻ ከከሳሾቹ ጋር በስምምነት ጨርሷል፣ የገንዘቡም መጠን ይፋ አልሆነም። ስለዚህ ኩባንያ በልማዳዊ ዓለም አቀፍ ሕግ ይጠየቃል ወይስ አይጠየቅም የሚለው ያን ጊዜ በማስረጃ ተፈትኖ አልተፈረደበትም። በዚያ ፍርድ ብቻ የሚተማመን ሠራተኛ መቃወሚያውን ካለፈ በኋላ ምን እንደሚጠብቀው አያውቅም። በጽሑፍ የወጣ ሕግ ቢኖር ያውቅ ነበር።

የቶሮንቶዋ፦ ሕጉ ይውጣ፣ እፈርማለሁ። እስኪወጣ ድረስ ግን በሩን የከፈቱትን ሴት ሥልጣናቸውን አለፉ አልልም።