ለሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ የትኛው ፕሮጀክተር ይሻላል? (ጎንደር፣ ማራኪ)

የማራኪ ኮሚቴ ጠየቀ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ማራኪ አካባቢ ላለ የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ፕሮጀክተር ሊገዛ ነው። አዳራሹ 12 ሜትር ርዝመት፣ 8 ሜትር ስፋት አለው። ኮርኒሱ 3.6 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ከላይ ቆርቆሮ። ግራና ቀኙ በሙሉ መስኮት ሲሆን የተሰቀለው መጋረጃ ስስ ነጭ ጨርቅ ነው። አብዛኛው አገልግሎት እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ ለሁለት ሰዓት ያህል ነው፤ የመዝሙር ግጥምና የትምህርት ስላይድ፣ 150 ለሚሆን ሰው። አልፎ አልፎ ማታ ግቢ ውስጥ ጉባኤ አለ።

የቀረቡልን ሦስት ናቸው። አንደኛው «9,000 ሉመን፣ 4ኬ» የሚል ትንሽ ኤልኢዲ፤ በጣም ርካሽ ነው (ሉመን የሚያወጣው ብርሃን መለኪያ፣ 4ኬ የምስል ጥራት ነው)። ሁለተኛው ያገለገለ ባለአምፖል 3ኤልሲዲ (ምስሉን በሦስት የኤልሲዲ ሰሌዳ የሚሠራ ዓይነት)፣ 4,000 ሉመን፣ 1280 በ800 ፒክሰል። ሦስተኛው አዲስ ሌዘር፣ 5,000 ሉመን፤ ዋጋው ከሁለተኛው ብዙ እጥፍ ነው። ሐሳባችን በኋላው ግድግዳ ላይ ሰቅለን ወደ ፊት እንዲያበራ ነው። መብራት ደግሞ እንደምታውቁት ይሄዳል ይመጣል። ምን ትመክሩናላችሁ?

ሌንስ መለሰ፦

ከሦስቱ አንዱን ከማንሳታችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ አዳራሹን ለኩ። የምስሉን መጠን የሚወስነው የመጨረሻው ረድፍ ነው። ጽሑፍ የሚነበብ ከሆነ መጨረሻ የተቀመጠው ሰው ከምስሉ ቁመት ስድስት እጥፍ በላይ መራቅ የለበትም። የእናንተ የመጨረሻ ወንበር 11 ሜትር ላይ ነው ብንል፣ ለስድስት ሲካፈል ቁመቱ 1.85 ሜትር አካባቢ ይመጣል። 1280 በ800 የሆነ ፕሮጀክተር ምስሉ 16 ለ10 ስለሆነ ስፋቱ 2.96 ሜትር ይሆናል። የላይኛው ጠርዝ 3.3 ሜትር ላይ ቢውል የታችኛው 1.45 ሜትር ላይ ያርፋል፣ ከፊት የተቀመጠው ሰው ጭንቅላት አይሸፍነውም።

አሁን ርቀቱ። እያንዳንዱ ፕሮጀክተር መግለጫው ላይ «ትሮው ሬሾ» የሚባል ቁጥር አለው፤ ርቀቱ ለምስሉ ስፋት ሲካፈል ማለት ነው። ብዙዎቹ የቢሮና የክፍል 3ኤልሲዲዎች ከ1.3 እስከ 1.56 አካባቢ ናቸው። በእናንተ ስፋት ስታባዙት ከ3.85 እስከ 4.6 ሜትር ይሆናል። ፕሮጀክተሩ መሰቀል ያለበት ከፊተኛው ግድግዳ በዚያ ርቀት መካከል ነው፣ ኋላ ላይ አይደለም። ከ11 ሜትር ብታበሩት፣ ዙሙን እስከ መጨረሻው ብታጠቡትም፣ ምስሉ ወደ 7 ሜትር ይሰፋል፤ ቁመቱ ከ4 ሜትር ያልፍና ኮርኒሱ ላይ ይወጣል። ከሩቅ ማብራት የግድ ከሆነ ረጅም ሌንስ ያለው ሞዴል ያስፈልጋል፣ ያ ደግሞ ሌላ የዋጋ እርከን ነው።

ሲሰቀል ይገለበጣል፣ ከዚያ ሜኑው ውስጥ የኮርኒስ አማራጭ ይመረጣል። ሌንሱ ከምስሉ የላይኛው ጠርዝ ጋር በተቀራረበ ከፍታ ይሁን፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አይዙር። አንዱ ቦታ ላይ አጋድሞ ሰቅሎ በኪስቶን (የተዛባውን ምስል በሜኑ አራት ማዕዘን በሚያደርገው አማራጭ) ማስተካከል ቀላል ይመስላል፤ ግን ኪስቶን ምስሉን ቀርጾ ስለሚያጠብበው ፒክሰል ይበላል፣ ፊደሉም ይደበዝዛል። ኪስቶኑ ዜሮ ላይ እንዲቆም አድርጋችሁ ስቀሉት።

መስቀያውን ደግሞ ቺፕውድ ላይ እንዳታስሩ። ኮርኒሱ ሦስት አራት ኪሎ በአንድ ነጥብ ተንጠልጥሎበት በነፋሱ ሲንቀጠቀጥ አይችልም። ከላይ ያለውን ሞራሌ ፈልጋችሁ እሱ ላይ ይታሰር። ከመስቀያው በላይ ያለው ቆርቆሮ የሚያፈስ መሆኑንም ክረምት ከመግባቱ በፊት አረጋግጡ።

ፒያሳ ጥገና መለሰ፦

የመጀመሪያውን ምርጫ እርሱት። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 9,000 ከ«አንሲ» ወይም «አይኤስኦ» ሉመን፣ ማለትም በታወቀ ደረጃ ከተለካ ብርሃን ጋር አይገናኝም። ማጣሪያው ቀላል ነው፤ ኋላ የተለጠፈውን ሰሌዳ አንብቡ። 3,500 አንሲ ሉመን የሚሰጥ ባለአምፖል 300 ዋት አካባቢ ይበላል። 60 ወይም 80 ዋት የሚል ዕቃ ያንን ብርሃን ከየት ያመጣል? እንዲህ ያሉት ብዙ ጊዜ ከጥቂት መቶ አንሲ አያልፉም። «4ኬ» የሚለውም የ4ኬ ፋይል ይቀበላል ማለት ነው። መጠየቅ ያለባችሁ «ኔቲቭ» ጥራቱን፣ ራሱ የሚያሳየውን የፒክሰል ብዛት ነው፤ 854 በ480 ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ቤተሰብ ፊልም ያይበት እንደሆነ አላውቅም፣ ረፋድ ላይ 150 ሰው ግጥም አያነብበትም።

በ4,000 እና በ5,000 መካከል ግን ያን ያህል አትጨነቁ፣ መጋረጃው ነው ነገሩ። ወንድም ሌንስ ከላይ ያሰላው ምስል የቆዳ ስፋቱ 5.5 ካሬ ሜትር ነው። 4,000 ሉመን ለ5.5 ሲካፈል 727 ሉክስ (በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፍ ብርሃን) ይሆናል፤ አምፖሉ ስላረጀና ሌንሱም አቧራ ስለሚይዝ ሦስት አራተኛውን እንያዝ፣ 545። ግድግዳው ላይ ከመስኮት የሚያርፈው ብርሃን 300 ሉክስ ከሆነ ነጩ ከጥቁሩ የሚበልጠው 2.8 ጊዜ ብቻ ነው (545 እና 300 ተደምሮ ለ300 ሲካፈል)። የታጠበ ምስል ማለት ይኸው ነው። ለጽሑፍ 15 ጊዜ አካባቢ ይፈለጋል፤ 7 ደግሞ ዝም ብሎ ለማየት የሚበቃ ነው።

5,000 ብትገዙ በዚሁ ስሌት 682 ሉክስ ይሆንና ልዩነቱ 3.3 ይደርሳል። ይኸ ሁሉ ብር ወጥቶ ከ2.8 ወደ 3.3። ወፍራም ጠቆር ያለ መጋረጃ ሰቅላችሁ የመስኮቱን ብርሃን ወደ 50 ሉክስ ብታወርዱት ግን ያው 4,000 ሉመን 12 ገደማ ይሰጣል፤ 5,000ው ወደ 15 ይጠጋል። ስለዚህ መጀመሪያ መጋረጃ፣ ቀጥሎ ፕሮጀክተር። ሁሉንም መስኮት መሸፈን ካልተቻለ ለፊተኛው ግድግዳ የሚቀርቡትን ሁለት ሁለት መስኮቶች ሸፍኑ፤ ምስሉን በይበልጥ የሚያጥቡት እነሱ ናቸው። የፊተኛው ረድፍ ፍሎረሰንት ለብቻው ማብሪያ ማጥፊያ ይኑረው።

የግድግዳውን ብርሃን በስልክ መተግበሪያ መለካት ትችላላችሁ። የስልኩን ጀርባ ምስሉ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አስደግፉ፣ ስክሪኑ ወደ ሕዝቡ ይዙር፤ ብርሃን ለኪው ከፊት ካሜራው አጠገብ ነው። ቁጥሩ እንደ መሣሪያ ትክክል ባይሆንም መጋረጃ ሲከፈትና ሲዘጋ ያለውን ልዩነት ያሳያል። እሁድ 4 ሰዓት ላይ ለኩ፣ ማታ አይደለም።

ሸራ ባትገዙም ይሆናል። ግድግዳው ተለስኖ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ የማያብረቀርቅ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም ይቀባ። የዘይት ቀለም አይሁን፣ ብርሃኑን አንድ ቦታ ያብለጨልጨዋል። ምስሉን ዙሪያውን በጥቁር ቀለም 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ብታጥሩት ዓይን ላይ ንጽረቱ ይጨምራል።

አዘዞ 12 መለሰ፦

የመብራቱንና የከፍታውን ነገር ማንም አላነሳውም። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል ስስ ነው። ፋኑ ተመሳሳይ ቢሽከረከርም የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ነው ማለት ነው። ብዙ አምራቾች ከ1,500 ሜትር በላይ «ሃይ አልቲቲዩድ ሞድ» እንዲበራ ያዝዛሉ። ከፋብሪካ ሲመጣ ጠፍቶ ነው የሚመጣው፣ ሜኑው ውስጥ ገብታችሁ አብሩት። ካልበራ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ሠርቶ የሙቀት መብራቱን አብርቶ ሊጠፋ ይችላል፣ አምፖሉም ቶሎ ያልቃል። ሲበራ ፋኑ ይጮኻል፤ አዳራሽ ውስጥ ያን ያህል አይሰማም።

መብራት በድንገት ሲሄድ ባለአምፖሉ ሁለት ችግር አለበት። ፋኑ ስለቆመ ሙቀቱ ውስጥ ይታፈናል፤ መብራቱ ወዲያው ቢመለስ ደግሞ የጋለ አምፖል ስለማይነሳ አምስት አሥር ደቂቃ ትጠብቃላችሁ። ስለዚህ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ዕቃ) ግዴታ ነው። ፕሮጀክተሩ 300፣ ላፕቶፑ 65 ዋት ቢሆኑ 365 ነው። 650 ቪኤ የሚባለው ዩፒኤስ በዋት ሲታይ 360 ወይም 390 ስለሆነ ጫፍ ላይ ነው የሚሠራው። 1,200 ቪኤ ያዙ። ማይክና አምፕሊፋየር እሱ ላይ አትሰኩ። ዩፒኤሱ ጉባኤውን እስከ መጨረሻው አያደርስም፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ወይም ፕሮጀክተሩን በሥርዓት እስክታጠፉ ነው። ጄኔሬተሩ እንደተነሳ ቮልቱ እስኪረጋ ጠብቃችሁ፣ በስታቢላይዘር በኩል ስጡት።

በዚህ ምክንያት እኔ ሦስተኛው ይሻላል ባይ ነኝ። ሌዘር ወዲያው ይነሳል፣ አምፖል ፍለጋ የለም፣ 20,000 ሰዓት ይሄዳል።

ፒያሳ ጥገና መለሰ፦

ወንድም አዘዞ፣ ስለ ዩፒኤሱና ስለ ከፍታው እስማማለሁ። 20,000 ሰዓቱን ግን በእነሱ አጠቃቀም አስላው። በሳምንት ሁለት ሰዓት በዓመት 104 ሰዓት ነው። 4,000 ሰዓት የሚሠራ አምፖል እንኳ በስሌት 38 ዓመት ይበቃል፤ ፋኑም ቦርዱም ከዚያ በፊት ያልቃሉ። ሌዘር ትርጉም ያለው በየቀኑ ስድስት ሰባት ሰዓት ለሚያበራ ትምህርት ቤት ነው። እነዚህ ከሌዘሩ የሚተርፈውን ብር መጋረጃ፣ ዩፒኤስ፣ መስቀያና መለዋወጫ አምፖል ይግዙበት።

ያገለገለው ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ ሻጩ ሱቅ ውስጥ ሁለት ደቂቃ አብርቶ ሊያሳያችሁ ነው የሚፈልገው። ቢያንስ 40 ደቂቃ ይብራ። ሜኑው ውስጥ የአምፖሉን ሰዓት እዩ፣ ግን ቆጣሪው ወደ ዜሮ ሊመለስ ስለሚችል ብቻውን አይታመንም። ሙሉ ነጭ ስላይድ አብሩ፤ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ደመና የመሰለ እድፍ ከታየ ፖላራይዘሩ (ውስጥ ብርሃን የሚያጣራው ስስ ክፍል) ተቃጥሏል፣ ጥገናው አያዋጣም። ሙሉ ጥቁር ስላይድ ላይ የሚያበራ ነጥብ ፈልጉ። አራቱ ማዕዘንና መሐሉ በአንድ ፎከስ ጥርት ማለታቸውን ተመልከቱ። የአየር ማጣሪያው ጎትቶ ይወጣል፤ በአቧራ ተደፍኖ ከሆነ ውስጡም እንደዚያው ነው። የሞዴሉን አምፖል ቁጥር ጻፉና ብር ከመክፈላችሁ በፊት አዲስ አበባ ይገኝ እንደሆነ ደውላችሁ ጠይቁ። የማይገኝ ከሆነ ዕቃው ርካሽ አይደለም።

አምፖሉ ውስጥ ሜርኩሪ አለ። ፈንድቶ ከተሰማ ፕሮጀክተሩን ከሶኬት ነቅላችሁ መስኮት ከፍታችሁ ሰው ይውጣ።

የማራኪ ኮሚቴ መለሰ፦

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ብዙ ነገር ጠርቷል። ወደ ሁለተኛው አዘንብለናል፣ መጋረጃውም ይቀየራል። ሁለት ነገር ቀረን። ግቢ ውስጥ ማታ ምን ያህል ይሠራል? ድምፁስ ከራሱ ከፕሮጀክተሩ ይበቃል ወይ?

ሌንስ መለሰ፦

ግቢ ውስጥ ፀሐይ ሳትጠልቅ ምንም አይታይም፣ 10,000 ሉመንም ቢሆን። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ጀምሩ፣ በምስሉ አቅጣጫ የሚያበራ የግቢ አምፖል ካለ ይጥፋ። ያው የ3 ሜትር ምስል ከበቂ በላይ ይታያል። ነጭ አቡጀዲ የምትወጥሩ ከሆነ ብርሃኑ ወደ ኋላ እንዳያልፍ ከጀርባው ጥቁር ጨርቅ ይደረብ፣ ታቹም ይታሰር፣ ነፋስ እንዳያነሳው። ጤዛ ከመውረዱ በፊት ዕቃው ይግባ።

ድምፁ አይበቃም። ውስጡ ያለው ስፒከር ጥቂት ዋት ነው፤ ክረምት ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ ጭራሽ አይሰማም። ከላፕቶፑ በ3.5 ሚሊ ሜትር ጃክ ወደ ሚክሰሩ ውሰዱት። «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ከመጣ ላፕቶፑና ሚክሰሩ ከተለያየ ሶኬት ስለተሰኩ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱንም ከአንድ ዲቫይደር ሞክሩ። የምስሉ ገመድ፣ ኤችዲኤምአዩ፣ ከመድረክ ወደ ላይ 3.5፣ በኮርኒሱ 4.2፣ ከመታጠፊያው ጋር 10 ሜትር ይበቃል። ከዚያ በረዘመ ተራ ገመድ ምስሉ ብልጭ ጥፍት ሊል ይችላል።

ስለ ስላይዱ አንድ ነገር ልጨምር። «ሱ» እና «ሲ» የሚለያዩት በቀኝ እግር ላይ ባለች ትንሽ ጭረት ነው፣ አንዱ መሐል ሌላው ታች። ኒያላ በሚባለው ፎንት በትንሽ መጠን ከጻፋችሁ ያቺ ጭረት ኋላ ላለው ሰው ትጠፋለች። ወፍራም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ፎንት፣ ከ44 ያላነሰ መጠን፣ በአንድ ስላይድ ስድስት ስንኝ። ብርሃን ባለበት አዳራሽ ነጭ መደብ ላይ ጥቁር ጽሑፍ ይሻላል፣ ያ ሰማያዊ ባለአበባ መደብ ይቅር። በፓወር ግዕዝ (የቆየ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም) የተጻፉ የቆዩ ግጥሞች ካሏችሁ ፎንቱ በሌለበት ላፕቶፕ ላይ ምልክት ብቻ ስለሚሆኑ ቅዳሜ ማታ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

አዘዞ 12 መለሰ፦

የአየር ማጣሪያውን በበጋ በየወሩ አውጥታችሁ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አራግፉት። በውሃ አትጠቡት፣ በአፍም አትንፉ። ሌንሱን በነጠላ ጫፍ አትጥረጉ፣ የመነጽር ጨርቅ ይበቃል።