የኑክሌር ጣቢያ ጨረታ፦ አቅራቢዎችን የሚለየው ምንድን ነው?

የማርቆስ ልጅ (ጠያቂ)
ጤና ይስጥልኝ። መንግሥት በመስከረም 2025 (እ.ኤ.አ.) ከሩሲያው መንግሥታዊ የኑክሌር ኩባንያ ከሮሳቶም ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ከፈረመ ወዲህ ነገሩን እየተከታተልኩ ነው። የኤምሬቶቹን ባራካ ጣቢያ ኮሪያ፣ የግብፁን ኤል ዳባ ሩሲያ፣ የቼኩን ዱኮቫኒ ደግሞ ኮሪያ ወስደዋል። ያሸነፉት በዝቅተኛ ዋጋ ነው?

ዳሞት
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ጨረታ የነበረውንና ያልነበረውን ለይ። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ባራካ እውነተኛ ውድድር ነበር፤ በ2009 መጨረሻ የኮሪያው የኤሌክትሪክ ኩባንያ ኬፕኮ የፈረንሳይ ኩባንያዎችን ቡድንና ጂኢ-ሂታቺን አሸንፎ አራት ባለ 1,400 ሜጋዋት የኑክሌር ማብላያዎችን (ሪአክተሮችን) ለመገንባት ተዋዋለ። ኤል ዳባ ግን በ2015 በመንግሥታት ስምምነት የተቋጨ ነው፦ አራት ባለ 1,200 ሜጋዋት ማብላያ፣ 25 ቢሊዮን ዶላር የሩሲያ ብድር፣ 3 በመቶ ወለድ፣ ከወጪው 85 በመቶውን የሚሸፍን። እዚያ ያሸነፈው ብድሩ ነው። የቱርኩ አኩዩ ደግሞ ሌላ ነው። የ2008ቱ ጨረታ አንድ ተጫራች ብቻ አግኝቶ ተሰረዘ፤ በ2010 ሩሲያ ገንብታ ባለቤት እንድትሆን፣ ቱርክም ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ማብላያዎች 70 በመቶውን፣ ከቀሪዎቹ 30 በመቶውን ኃይል ለ15 ዓመት በኪሎዋት ሰዓት 12.35 የአሜሪካ ሳንቲም እንድትገዛ ተስማሙ።

ስለዚህ "የግንባታ ዋጋ" የሚለውን ቁጥር ብቻ ይዘህ አታወዳድር። በግንባታው ዘመን የሚቆለል ወለድ፣ የመጀመሪያው ነዳጅ፣ የማስተላለፊያ መስመር፣ ሥልጠና፣ የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ወጪ ብዙ ጊዜ ከቁጥሩ ውጭ ናቸው። ሥራው ሲዘገይ ወለዱን ማን ይሸከማል የሚለውን አንቀጽ በመጀመሪያ አንብብ፤ ያገለገለውን ነዳጅ ማን እንደሚረከብም ተመልከት።

ፍኖተ ሰላም
የባለቤትነት መብትም አለ። ባራካ ላይ የተገነባው የኮሪያ ማብላያ፣ ኤፒአር-1400፣ መሠረቱ ዛሬ በአሜሪካው ኩባንያ በዌስቲንግሃውስ እጅ ያለው የአሜሪካ ሲስተም 80+ ንድፍ ነው፤ ዌስቲንግሃውስ በ2022 ኮሪያዎቹን ከሰሰ፣ በጥር 2025 ታረቁ። በዱኮቫኒም የተሸነፈው የፈረንሳዩ ኢዲኤፍ ከስሶ የብርኖ ፍርድ ቤት ፊርማውን በግንቦት 2025 አገደ፤ እግዱ ሲነሳ በሰኔ ተፈረመ። ተጫራቹ የፈቃድና የወጪ ንግድ ማስረጃውን ከዋጋው ጋር ያቅርብ።

ሞጣ
እኛ ዘንድ ዋናው ፈተና የኃይል ቋቱ (የአገሪቱ የኤሌክትሪክ መረብ) ነው። የህዳሴ ግድብ ትልቁ ተርባይን 400 ሜጋዋት ነው። ባለ 1,200 ማብላያ በድንገት ሲቆም ሦስት ተርባይን በአንዴ እንደጠፋ ነው፤ የኤሌክትሪኩ ድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) ከ50 ኸርዝ ይወርዳል፣ የመረቡ መከላከያ መሣሪያም የከተሞችን መብራት ይቆርጣል። የተለመደው ልክ አንድ ማብላያ ከቋቱ 10 በመቶ እንዳይበልጥ ነው፤ ሒሳቡም ጭነት ዝቅ በሚልበት ሌሊት ይሠራ። ማብላያ ከቆመም በኋላ መጀመሪያ ላይ የሙሉ ኃይሉን 6 በመቶ ያህል ሙቀት ስለሚያመነጭ ማቀዝቀዣ ፓምፖቹ መብራት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት የተለያዩ መስመሮችና የናፍጣ ጄኔሬተሮች ግዴታ ናቸው። በባሕር ዳርና በማርቆስ በኩል እንደሚያልፈው ባለ 400 ኪሎቮልት መስመር ዓይነት አንዱ ብቻውን አይበቃም። ይህ ወጪ በአቅራቢው ሰነድ ውስጥ ካልተጻፈ የሚከፍለው ገዢው ነው።