ማመልከቻ ላይ «ግፍ» ይጻፍ ወይስ አይጻፍ?

ሰብሳቢ፦ ትናንት አንድ አባላችን «ግፍ፣ በደል፣ ኢፍትሐዊ የሚሉ ቃላት ከማመልከቻ ላይ ጭራሽ ይውጡ፤ ዳኛ ከማሰልቸት በቀር ፋይዳ የላቸውም» ብሎ ነበር። ሐዋሳ ውስጥ በየቀኑ ለፍርድ ቤትና ለቢሮ ስንት ወረቀት እንደሚጻፍ ታውቃላችሁና እንከራከርበት። የሚሳደብ ይወጣል።

ራፖር ጸሐፊ፦ ይውጡ ባይ ነኝ። ባለጉዳይ «የተፈጸመብኝ ግፍ ተነግሮ አያልቅም» ብሎ አንድ ገጽ ያስሞላል፤ ቀን የለ፣ ገንዘብ የለ፣ የሚጠየቅ ዳኝነት የለ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 222 የክሱ ምክንያት መቼና የት እንደተፈጠረ፣ ምን ዳኝነት እንደሚጠየቅ ይጻፍ ይላል። የምስክርና የሰነድ ዝርዝሩ በ223 ይያያዛል። ግርጌ ላይ ደግሞ «እውነት መሆኑን በቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ» ተብሎ ይፈረማል። ግፍ እንዴት ተደርጎ ነው የሚረጋገጠው?

ለምሳሌ ያህል፦ ደመወዝ 3,120 ብር፣ የወር ሰዓት 208፣ የአንዱ ሰዓት ሒሳብ 15 ብር። ሠራተኛው 20 ሰዓት ትርፍ ሠርቷል፤ ሁሉም በሥራ ቀን፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 ለዚህ 1.5 እጥፍ ስለሚል የአንዱ ሰዓት ክፍያ 22.50፣ በጠቅላላው 450 ብር ነው። ሒሳብ ክፍሉ በተሻረው አዋጅ 1.25 አስልቶ 375 ከፈለ እንበል። የቀረው 75 ብር ነው። «ደሜን መጠጡት» የሚለው ቢሰረዝ ምንም አይጎድልም፤ የ75 ብሩ መስመር ከተረሳ ግን ክስ የለም። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ደግሞ በ6 ወር ይርጋ ይታገዳል።

የአማርኛ መምህር፦ ወዳጄ፣ ሒሳቡ ላይ ጠብ የለኝም። ሦስቱን ቃላት ባንድ ከረጢት ከተህ መጣልህ ላይ ነው ጠቤ። የእንባ ጠባቂ ተቋም የተቋቋመበትን አዋጅ 211/1992 ግለጠው፤ ተቋሙ የሚመረምረው «የአስተዳደር በደል» ነው። ያንኑ ዓመት የወጣው የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን አዋጅ 210/1992 ደግሞ «ጥሰት» ይላል። በደል ስሜት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሕግ አውጪው ምን አስመረጠው?

ቃላቱ እኩያ አይደሉም። በደል በሁለት ወገን መካከል ያለ ነገር ነው፤ ይካሳል፣ ይቅር ይባላል። በአቡነ ዘበሰማያት የአማርኛ ንባብ ይቅር እንዲባልልን የምንለምነው በደልን ነው፤ ግዕዙ «አበሳ» ይላል። ጎረቤት በድሎኛል ይባላል፣ ልጅም አባቱን ይበድላል። ልጅ በአባቱ ላይ «ግፍ ዋለ» ለማለት ግን አባትየው ደክሞ፣ ልጁ ጉልበት አግኝቶ መሆን አለበት። ግፍ የጉልበት ልዩነት ይፈልጋል፤ ለዚህ ነው የ75 ብር ጉድለት ላይ ሲለጠፍ የሚያስቀው። ጥሰት ደግሞ «ጣሰ» ካለው ነው፤ አስቀድሞ የተሠራ አጥር ከሌለ የሚጣስ የለም። ስለዚህ «ጥሰት» ያለ ሰው የትኛው አንቀጽ ተጣሰ ሲባል መልስ ይኑረው።

ኢፍትሐዊ የሚለውን ግን እኔም አልወደውም። ዜናው፣ ስብሰባው፣ የኳስ ዳኝነቱ ሳይቀር ኢፍትሐዊ ሆኗል። ፍትሕ ከግዕዙ «ፈትሐ»፣ ከፈታ ነው፤ የታሰረን መፍታት። ምን እንደታሰረ ሳይናገሩ ኢፍትሐዊ ማለት ቋጠሮውን ሳያሳዩ ፍቱልኝ ማለት ነው።

ጠበቃ፦ መምህር፣ አድልዎን ረሱት። በፍርድ ቤት ብዙ የሚያጠፋው እሱ ነው። ሰው ቅር ባለው ቁጥር «አድልዎ ተፈጸመብኝ» ይላል፤ አድልዎ ግን አቻ ይፈልጋል። ያው የሥራ መደብ፣ ያው ጊዜ፣ ያው መመዘኛ፤ አንዱ አገኘ፣ ሌላው ተከለከለ። በዚያ ላይ ምክንያቱ፦ ፆታ፣ ብሔር፣ ሃይማኖት፣ የፖለቲካ አመለካከት፤ የአዋጅ 1156 አንቀጽ 14 ይዘረዝራቸዋል። አቻው ካልተጠቀሰ ተከላካይ «ከማን ጋር?» ብሎ በአንድ መስመር ይዘጋዋል።

የአማርኛ መምህር፦ ልክ ነህ፤ ቃሉም ይህንኑ ይመሰክራል። ሚዛን በግዕዝ «መዳልው» ነው፤ አድልዎ ከዚያው ግንድ ነው። ሚዛን ሁለት ሳሕን ከሌለው ማጋደል የለም።

ሐይቅ ዳር፦ እዚህ አገር ሌላም ቋንቋ እንዳለ አትርሱ። ሶንጎ ላይ፣ ማለትም በሽማግሌዎች ሸንጎ፣ የሲዳማ ሽማግሌ የሚፈልገው «ሀላሌ»ን ነው፤ እውነቱን። ባለጉዳዩ «ሀላሌዬን ተከለከልኩ» ብሎ የመጣውን አስተርጓሚው «ፍትሕ ተነፈግኩ» ብሎ ይጽፈዋል፤ ዳኛውም የትኛው ፍርድ ቤት ከለከለህ ይለዋል። ሰውዬው ግን እየተናገረ ያለው ስለ ተዋሸበት ነገር ነው።

ራፖር ጸሐፊ፦ ይሄ ያጋጥማል፤ በተለይ በመሬት ወሰን ጉዳይ። እሺ፣ ለእንባ ጠባቂ ሲጻፍ «በደል» ይቆይ። ለፍርድ ቤት ግን አልቀበልም።

ጠበቃ፦ በር በር መለየቱ ጥሩ ነው። እንባ ጠባቂ በፍርድ ቤት የተያዘን ጉዳይ አይመረምርም፤ «በደል» የሚል ወረቀት ይዞ ሁለቱም ጋ መሮጥ ጊዜ መፍጀት ነው። ሌላ ስህተት ልጨምር፦ ለራሱ ደመወዝ የከሰሰ ሰው «ሠራተኛው በሙሉ እየተጨቆነ ነው» ብሎ ሲጽፍ ጉዳዩን የወል ክርክር፣ ማለትም የሠራተኞች የጋራ ክርክር፣ ያስመስለዋል። የወል ክርክር ደግሞ መንገዱ በአስማሚና በቦርድ በኩል ነው እንጂ በሥራ ክርክር ችሎት አይደለም። አንዲት «በሙሉ» «ይህ ችሎት ሥልጣን የለውም» የሚል መቃወሚያ ታስነሳለች።

ሐይቅ ዳር፦ «ፍርደ ገምድል»ስ? ይግባኝ ላይ አይቼዋለሁ።

ጠበቃ፦ ኧረ በፍጹም! ገምድል የሚባለው ፍርዱ አይደለም፣ ዳኛው ነው፤ ችሎት መድፈር ሊያስብል ይችላል። «ምስክሮቼ የሰጡት ቃል ሳይመዘን ታልፏል» ይባል፤ ሰበር ከሆነ «መሠረታዊ የሕግ ስህተት» ተብሎ ስህተቱ ይነገር። ይግባኙም በመደበኛ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ 60 ቀን፣ በሥራ ክርክር ግን 30 ቀን ነው ያለው።

የአማርኛ መምህር፦ ግፍን ግን ሙሉ በሙሉ አላስወጣም። አንድ ሰው በእስር ቤት ተደብድቦ ቢሞት «ጥሰት ተፈጽሟል» ብቻ ተብሎ ይጻፍ?

ራፖር ጸሐፊ፦ መቼ፣ የት፣ በማን እንደተደበደበ፣ የሐኪም ማስረጃው በአባሪ ይጻፍ። ከዚያ በኋላ ከፈለጉ «ግፍ» ይበሉ፤ አንዴ፣ መጨረሻው አረፍተ ነገር ላይ።

የአማርኛ መምህር፦ አንዴ ይበቃኛል።